ከሬዲዮው የወጣው የእትዬ ዘይነባ ድምፅ

ሰሞኑን መካነ ሰላም አንድ ጥገና ቤት ውስጥ አንቴናው የተሰበረ ገመድ አልባ ስልክ አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን እንዲህ ያለ ስልክ የነበራቸው ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ብቻ ነበሩ። ከጅዳ ተልኮላቸው፣ ግቢያቸውን እየዞሩ ያወሩበታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማማ ፋጡማ እኛ ቤት ተቀምጠዋል። የእትዬ ዘይነባን ሴት ልጅ ለወንድ ልጃቸው ለማጨት ሽማግሌ ልከው መልስ እየጠበቁ ነበር። አባቴ ዜና ፍለጋ ሬዲዮውን ሲነካካ የእትዬ ዘይነባ ድምፅ ከውስጡ ወጣ። ደሴ ካለው ወንድማቸው ጋር በዚያ ገመድ አልባ ስልክ እያወሩ ኖሯል፤ የስልኩ ሞገድ ሬዲዮአችን ውስጥ ገብቷል።

«ልጁስ ወላሂ መልካም ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ የእናቱ ምላስ ነው።»

አባቴ ደንግጦ ሊዘጋው ሲል እማማ ፋጡማ እጁን ያዙት።

«ተወው፣ ልስማው። ፊት ለፊት እንዲህ ብላኝ አታውቅም።»

ትንሽ አዳምጠው ሻሻቸውን አስተካከሉና ወጡ። አባቴ ሬዲዮውን አልዘጋም። ብዙም ሳይቆይ፣ ስልኩ ገና ስላልተዘጋ፣ እትዬ ዘይነባ ቤት የደረሱት የእማማ ፋጡማም ድምፅ ከዚያው ሬዲዮ መጣ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ዘይነባ። ምላሴ ያስፈራሻል ሲሉ ሰምቼ፣ አውጥቼ ላሳይሽ መጣሁ።»

እትዬ ዘይነባ ጠየቁ።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ሬዲዮ ነዋ።»