የእትዬ የሺ ካርድ፦ ከቶተንሃም እስከ ዌምብሊ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ። ቶተንሃም

የጥቅምት መጨረሻ ነው። የመንገዱ መብራት ገና አልጠፋም፤ አስፋልቱ በሌሊቱ ካፊያ ረጥቧል። የእትዬ የሺን በር ሳንኳኳ ለባብሰው ቆመው ነበር፤ ጥቁር ካፖርት፣ ከላዩ ነጠላ፣ በአንድ እጃቸው ነጭ ዱላቸው፣ በሌላው ለልጅ የሚሆን ትንሽ ቀይ ጃንጥላ።

«ዛሬ እጄን አትያዢኝ» አሉኝ ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ። «አጠገቤ ብቻ ሁኚ። ካስፈለገኝ እኔው እይዝሻለሁ።»

እትዬ የሺ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ቀስ በቀስ ጎድቷቸው፣ አሁን የሚለዩት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ፎቷቸው ያለበት የነጻ መጓጓዣ ካርድ፣ እዚህ ሁላችንም ፍሪደም ፓስ የምንለው፣ ከመጣላቸው ቆይቷል። አፕላይ ያደረገችላቸው ልጃቸው ሳሮን ናት። ግን አንድ ቀን ተጠቅመውበት አያውቁም። ቤተክርስቲያንም ሐኪም ቤትም የሚሄዱት የሳሮን ባል ዳንኤል በመኪና ሲመጣላቸው ነው። ዳንኤል ሥራ ከገባ ይቀራሉ።

ዛሬ የልጅ ልጃቸው የልያ ልደት ነው። ዳንኤል በምሳ ሰዓት መጥቶ ሊወስዳቸው ተቀጣጥረዋል። እሳቸው ደግሞ ከዳንኤል ቀድመው፣ በገዛ ካርዳቸው፣ እነሳሮን ቤት ዌምብሊ ሊገኙ ወስነዋል።

«ሳሮን ታውቃለች?» አልኳቸው ደረጃውን ስንወርድ።

«ስንደርስ ታውቃለች።»

ነገሩ ከበደኝ። እኔ በዕድሜ ያገኘሁትን ካርድ በየቀኑ ነው የምጠቀምበት፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። ግን አንድ ነገር ቢደርስባቸው ለሳሮን ምን ብዬ ነው የምነግራት? እያሰብኩ ሳለ ባሱ መጣ።

የመጀመሪያው ባስ

ሹፌሩ ሽበታም ጢም ያለው የካሪቢያን ሰው ነው። እትዬ የሺ ካርዱን አውጥተው የሚነካበትን ቢጫ ክብ በእጃቸው ይፈልጋሉ። ከኋላችን ሁለት ሰዎች ቆመዋል። እጄን ልሰድ ስል ቃላቸው ትዝ አለኝና መለስኩት።

«ትንሽ ወደ ቀኝ፣ እናቴ» አለ ሹፌሩ በእንግሊዝኛ፣ ምንም ሳይቸኩል።

ጲጵ አለ።

«እኔ ነኝ ያስጮህኩት?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ተቀበለኝ ማለት ነው?»

«ተቀብሎዎታል።»

ሹፌሩ እስክንቀመጥ ድረስ ባሱን አላንቀሳቀሰም። እትዬ የሺ ካርዱን ወደ ቦርሳቸው አልመለሱትም፤ ጭናቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ይደባብሱታል።

መንገዱ ማለዳ ላይ ደስ ይላል። የቱርክ ዳቦ ቤቶች መስኮት በእንፋሎት ተሸፍኗል። የአትክልት ሱቆች ጎመኑን፣ ሙዙን፣ ቦዬ የሚመስለውን የጋና ያም ደጅ እያወጡ ይደረድራሉ። ብርቱካናማ ጃኬት የለበሱ መንገድ ጠራጊዎች ቅጠል ያፍሳሉ። ባሱ ውስጥ በየፌርማታው ስም የሚጠራ የሴት ድምፅ አለ፤ እኔ ከለመድኩት ሰምቼው አላውቅም። እትዬ የሺ ግን እያንዳንዱን ስም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይደግሙታል። ዓይናቸው ደህና በነበረ ጊዜ በዚህ መንገድ ወደ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሥራቸው ይመላለሱ ነበር።

«እዚህ ጋ የጨርቅ ሱቅ ነበረ፤ የሳሮንን የምርቃት ቀሚስ ጨርቅ የገዛሁበት» አሉ ወደ መስኮቱ ዞረው።

«አሁን የዶሮ ጥብስ ቤት ሆኗል።»

«ሸተተኝ» አሉና ሳቁ።

ማኖር ሃውስ ላይ ወርደን ሃያ ዘጠኝ ቁጥርን ያዝን። ሁለተኛው ላይ ካርዳቸውን አስነክተው ለማለፍ የማንም እርዳታ አላስፈለጋቸውም።

ረፋድ ላይ። ካምደን

ካምደን ስንወርድ ፀሐይ ወጥታለች። ገበያው ገና እየተከፈተ ነው፤ የቆዳ ጃኬት የሚሰቅሉ፣ ዕጣን የሚመስል ሽታ ያለው ሻማ የሚደረድሩ፣ ፀጉራቸውን አረንጓዴ የቀቡ ልጆች። ለእትዬ የሺ የማየውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ስለ አንዷ ልጅ አረንጓዴ ፀጉር ስነግራቸው «ያምርባታል?» ብለው ጠየቁኝ። አስቤበት የማላውቀውን ነገር ነው የጠየቁኝ። ዞር ብዬ አየሁና «አዎ፣ ያምርባታል» አልኩ።

ጥግ ላይ ካለች ትንሽ ካፌ ገብተን ሻይና እንቁላል በዳቦ አዘዝን። እንቁላሉ ይንጠባጠባል። እትዬ የሺ በሰው ፊት መብላት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ልብሳቸው ላይ እንዳይፈስ ይሳቀቃሉ። ዛሬ ሶፍት አንገታቸው ላይ ሸጎጥ አድርገው ሙሉውን በሉ።

«የሚመጣውን መኪና ቁጭ ብሎ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ?» አሉኝ ሻዩን እያማሰሉ። «ዳንኤል ወርቅ ልጅ ነው። አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮ አያውቅም። ግን ካፖርቴን ለብሼ ወንበር ላይ ስቀመጥ ዕቃ የሆንኩ ይመስለኛል። ሰው መጥቶ እንደሚያነሳው ዕቃ።»

ሻዬን ጠጣሁ።

ከካምደን ሠላሳ አንድ ቁጥርን ያዝን። ልክ ካርዳቸውን እንዳስነኩ «ፎቁ ላይ እንውጣ» አሉ።

«እትዬ፣ ባሱ ይወዛወዛል።»

«ብረት አለ አይደል የሚያዝ?»

ወጡ። እኔ ከኋላ ሆኜ እጄን ዘርግቼ፣ ሳልነካቸው ተከተልኳቸው። ከፊት ያለው ወንበር ክፍት ነበር። ትልቁ መስታወት ፀሐይዋን እንዳለች አስገብቷታል። የዛፎቹ ጥላ ፊታቸው ላይ እየመጣ ያልፋል፤ ብርሃን፣ ጥላ፣ ብርሃን። አፋቸውን ትንሽ ከፍተው ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አቀኑ። እኔም መንገር አቆምኩ፤ ይህንን እሳቸውም ያዩታል።

ስዊስ ኮቴጅ፣ የምድር ባቡር ጣቢያ

የካርድ በሩ ጲጵ ብሎ ተከፈተላቸው። በሩ አጠገብ የቆመችው የጣቢያ ሠራተኛ፣ ሻሽ ያሰረች ወጣት ሶማሊያዊት፣ ነጩን ዱላ አይታ ቀረበችን። ከፈለጉ ባቡሩ ድረስ እንደምትሸኛቸው፣ የሚወርዱበት ጣቢያም ደውላ ሰው እንደምታስጠብቅላቸው ነገረቻቸው። እትዬ የሺ «ጓደኛዬ አለችኝ» ብለው አመሰገኗት። በተንቀሳቃሹ ደረጃ ስንወርድ ክንዴን ያዙ። የዛን ዕለት የያዙኝ እዚያ ብቻ ነው።

ባቡሩ እስኪመጣ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። መጣ፣ በሩ ተከፈተ። እትዬ የሺ በባቡሩና በመቆሚያው መካከል ያለውን ክፍተት በዱላቸው ለክተው ተሻገሩ። ልከተላቸው ስል ጃንጥላው አግዳሚው ላይ መቅረቱን አየሁ። ተመልሼ አነሳሁ፤ ስዞር በሩ ተዘጋ።

በመስታወቱ አየኋቸው። ፊታቸውን እኔ ነኝ ብለው ወደሚያስቡት ሰው አዙረው እያወሩ ነበር። ባቡሩ ሄደ።

እንዴት ላይ እንደወጣሁ አላውቅም። ለሠራተኛዋ ስነግራት እንግሊዝኛው ከአፌ ጠፋ፤ ጃንጥላውን እያሳየሁ ነው ያስረዳኋት። እሷ ግን አልደነገጠችም። «የሚቀጥለውን ባቡር ያዢ፤ እኔ ዌምብሊ ፓርክ እደውላለሁ» አለችኝ።

የሚቀጥለውን ያዝኩ። ባቡሩ ከመሬት በታች ወጥቶ ስልኬ እንደሠራ ጮኸ። ሳሮን ናት።

«እትዬ አበባ፣ ማሚ ስልክ አታነሳም። ዳንኤል ሊመጣ እየወጣ ነው።»

«አይምጣ። እየመጣን ነው። በባቡር።»

ከዚያ «ማሚን አቅርቢልኝ» አለች።

ውሸት ልናገር አልኩና አልቻልኩም። «አጠገቤ አይደሉም፣ ሳሮንዬ። ከፊቴ ባለው ባቡር ላይ ናቸው።»

«ብቻዋን?»

«ብቻቸውን።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዊልስደን ግሪን በኋላ ያለውን መንገድ፣ የቤቶቹን ጓሮ፣ የተሰጣውን ልብስ፣ የእንጨት አጥሩን፣ አየሁት እንጂ አላየሁትም። የማስበው የባቡሩን በርና የእሳቸውን እግር ነበር።

ዌምብሊ ፓርክ

በሩ ሲከፈት አንድ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ሠራተኛ የሚወርዱትን ሰዎች በዓይኑ ይፈልጋል። ጃንጥላውን ሲያይ ፊቱ ፈካ።

«አበባ? ጠፍተሻል ተብለሽ ነው የምትፈለጊው» አለኝ።

ከስዊስ ኮቴጅ የተደወለለት ስለ እትዬ የሺና ስለ ባለ ቀይ ጃንጥላዋ ጓደኛቸው ነበር፤ ግን ስልኩን ሲያነሳ እሳቸው አጠገቡ ቆመዋል። የባቡሩ ድምፅ ዌምብሊ ፓርክ ሲል ወርደው፣ ሠራተኛ ጠይቀው አስጠርተው፣ «ጓደኛዬ ስዊስ ኮቴጅ ቀርታለች፤ ትደነግጣለችና ፈልጉልኝ» ብለው አመልክተዋል።

አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሠራተኛው በወረቀት ኩባያ ውኃ ሰጥቷቸዋል። እግሬን በኮቴው አውቀውት ነው መሰለኝ፣ ሳልናገር «መጣሽ?» አሉ። «ብዙ አውርቼልሽ ነበር። መልስ ስትከለክዪኝ ነው የገባኝ።»

«አልፈሩም?»

«መጀመሪያ ፈራሁ። በኋላ ስሞቹን መስማት ጀመርኩ። ኪልበርን፣ ኒስደን። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ልትነሳልኝ ፈለገች፤ ግድ የለም አልኳት። ቆሜ ነው የመጣሁት።»

ሳሮን በቤት ጫማ እየሮጠች ደረሰች። እናቷን አቀፈችና ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻቸውም። ከዚያ ቁጣው መጣ።

«ማሚ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትፈቅጂልኝ ነበር?»

ሳሮን ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። «ኖ» አለች በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አልፈቅድም ነበር።»

ከሰዓት በኋላ። የሳሮን ቤት

ከጣቢያው ብዙ ሳይርቅ አዲስ ከተሠሩት ረጃጅም ሕንጻዎች በአንዱ፣ ስታዲየሙ በመስኮት የሚታይበት ቤት ነው። ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ሥር፣ ከሱፐርማርኬት የመጣ ሐምራዊ ኬክ። ልያ ጃንጥላዋን ቤት ውስጥ ዘርግታ ሶፋው ላይ ከሥሩ ተቀምጣለች። ዳንኤል ካርዱን ተቀብሎ ፎቶውን እያየ «እማማ፣ ሥራ አጥ ልታደርጊኝ ነው» ብሎ ሲያሾፍ እትዬ የሺ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ሳሮን ኬኩን ቆረሰች። ሳህኑን ለእናቷ ስትሰጥ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ማሚ፣ ሐሙስ ከሥራ ኦፍ ነኝ። ልምጣና አብረን እንዋል?»

ሐሙስ ለእትዬ የሺ ሐኪም የሌለበት፣ ቤተክርስቲያን የሌለበት፣ ሬዲዮ ከፍተው ብቻቸውን የሚውሉበት ቀን ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ኬካቸውን አኝከው እስኪውጡ ጠበቅን።

«ሐሙስ አይመቸኝም» አሉ።

«ለምን?»

«ቤት የለሁም።»

«የት ልትሄጂ?»

እትዬ የሺ ሹካቸውን ሳህኑ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡ።

«ገና አልወሰንኩም» አሉ።