የእንግሊዙ ልጅ የተባለው አባቴ

አባቴ የባቡር መካኒክ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ «የእንግሊዙ ልጅ» ነበር የሚሉት። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዞች ሐዲዱን ይዘው በቆዩባቸው ዓመታት፣ እናቱ ከዚራ ሰፈር በአንድ እንግሊዛዊ መኮንን ቤት ወጥ ቤት ሆና ትሠራ ነበር። ሰውየው ወደ አገሩ በሄደ በወራት ውስጥ ቀይ ልጅ ወለደች። የቀረውን ሰፈሩ ራሱ ሞላው። እሷ ነውም አይደለምም ሳትል፣ አባቴ ገና ነፍስ ሳያውቅ ሞተች።

ያሳደገችው እዚያው ቤት ልብስ ታጥብ የነበረች ሱማሌ ጓደኛዋ ናት። ሁላችንም «ኤዶ» ነበር የምንላት፤ በሱማልኛ አክስት ማለት ነው። ባል አላገባችም። ያደራ ልጇ በእናቱ ሃይማኖት እንዲያድግ ብላ፣ እሁድ እሁድ እጁን ይዛ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ታደርሰውና ቅዳሴው እስኪያልቅ ውጭ ቆማ ትጠብቀው ነበር። እኛም ስንወለድ፣ እናታችንም ስትሞት፣ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነበረች።

አባቴ የእንግሊዝ ልጅ መባሉን እንደ ቀልድ አልያዘውም። መታወቂያው ላይ በአባት ቦታ የተጻፈው የእናቱ አባት ስም ነበር፤ በሙሉ ስሙ ሲጠሩት ይከፋው ነበር። እንግሊዝኛ በሬዲዮ ተማረ። አንድ ቀን ይመጣሉ ይል ነበር።

መጡም። ደርግ ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና በሚያፍስበት ጊዜ ነው። ወንድሜ ትምህርቱን ጨርሶ ቤት ተደብቋል፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ጓዳ ከከሰል ማዳበሪያው ኋላ ይገባል። አንዲት ሸምገል ያሉ እንግሊዛዊት ከጅቡቲ በባቡር መጡና፣ መንግሥት ከመደበላቸው አስጎብኚ ጋር በራችን ላይ ቆሙ። የዚያ መኮንን ልጅ ናቸው። አያታቸው ሕንድ አገር፣ አባታቸው ኤደንና ሐርጌሳ ያገለገሉ፤ እሳቸው የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ሲያሰባስቡ፣ አባታቸው በሞት አፋፍ ላይ «ድሬዳዋ ልጅ አለኝ» ማለታቸውን ነገሩን። ወንድ ይሁን ሴት አልተናገሩም። እዚህ መጥተው ሲጠይቁ ከተማው ሁሉ ወደ አባቴ ጠቆማቸው።

አባቴን አቅፈው አለቀሱ። አባቴ ግን እንደ ቆመ እጁን የሚያደርግበት አጣ። በማግስቱ ወንድሜን አዩት፤ አገጩ የአባታቸው ነው አሉ። ከዚያ አባቴ ለራሱ ምንም አልጠየቀም፤ የጠየቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄን ውሰጂልኝ» አላቸው።

የወንድማቸው ልጅ መሆኑ ከተመሰከረ ኤምባሲ ሄደው እንደሚያመለክቱ ቃል ገቡ። ያን ሰሞን ወንድሜ ሲስቅ ሰማሁት። ኤዶ ግን አሞኛል ብላ ከክፍሏ አልወጣችም።

በተቀጠረው ቀን ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችና አስጎብኚው ግቢያችን ውስጥ ተቀመጡ። ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የማስተምረው እኔ ስለነበርኩ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ኤዶን ደግፌ አወጣኋት። ሴትዮዋ የአባታቸውን ፎቶ ሰጧት። ብዙ ሳታየው ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ከዚያ ቤት የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አላት አባቴ። «የምታውቂውን ንገሪያት።»

«ተወኝ ልጄ።»

አንደኛው ሽማግሌ «ለመንግሥት የሚቀርብ ቃል ስለሆነ በቁርዓን ትምያለሽ» አላት።

ኤዶ አባቴን አየችው። «በውሸት አልምልም» አለች። «ሰውየው ልጅ ነበረው። ሴት ናት። የኔ ናት።»

ቀይሬ ልተረጉም አልችልም ነበር፤ አባቴም እንግሊዝኛ ይሰማል፣ አስጎብኚውም ይሰማል። እንዳለችው ተረጎምኩት። የራሴ ድምፅ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«አሁን የት ናት?» አሉ ሴትዮዋ።

«ሐርላ ገጠር ዘመድ ጋ ተደብቄ ነው የወለድኳት። መዳህ ስትጀምር ትኩሳት ወሰዳት። እዚያው ቀበርኳት።»

«እኔስ?» አለ አባቴ።

«ያንተ አባት ከኤደን ሸቀጥ የሚያመላልስ ዓረብ ሾፌር ነው። እናትህ ስታረግዝ ሄደ፤ አልተመለሰም። ሰው የእንግሊዙ ነው ሲል እናትህ ዝም አለች። ለኔ ብላ ነው ዝም ያለችው። ሁሉም አንተን ሲያይ የኔን የጠረጠረ የለም። ወንድሞቼ ቢያውቁ ይገድሉኝ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ቀስ ብለው ተነሱ። ወንድሜ ጓዳ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል፤ ስገባ መሬት ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ ያስር ነበር።

በማግስቱ ሴትዮዋ መቃብሩን ማየት ፈለጉና እሳቸው፣ ኤዶና እኔ ከአስጎብኚው ጋር ሐርላ ሄድን። እዚያ የጥንት ፍርስራሽ ድንጋይና የመቃብር ድንጋይ አይለይም። ኤዶ ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው እየሄደች ጎንበስ ብላ በእጇ ትዳስሳለች። «ይኼ ነው» ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ «አይ፣ ይኼ አይደለም» ትላለች። መጨረሻ ላይ ፀሐዩ ውስጥ ቁጭ ብላ «ዛፍ ነበረ፤ ቆርጠውታል» አለች። ሴትዮዋ አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ያዙ። የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም፤ እኔም አልተረጎምኩም።

ባቡር ጣቢያ ስሸኛቸው ስለ ወንድሜ ለመንኳቸው።

«ምኔ ነው ብዬ ልጠይቅ?» አሉኝ። እንባቸው እየወረደ ነው የተሳፈሩት። አልፈረድኩባቸውም፤ ቢሆንም ባቡሩ ሲሄድ ጠላኋቸው።

ወንድሜ መደበቁ ሰለቸው። አንድ ጠዋት ማንንም ሳያማክር ወጥቶ ቀፊራ ገበያ ሄደ፤ እዚያው አፈሱት። ከብዙ ሌሎች ጋር በጭነት መኪና ወሰዱት፤ ሰሜን ግንባር መግባቱን ከሰው ነው የሰማነው።

ኤዶ የአባቴን ጉልበት ይዛ «አውፍ በለኝ» አለችው፤ ይቅር በለኝ ማለቷ ነው።

«ምን አጠፋሽ? እውነቱን ነው የተናገርሽው» አላት። ከልቡ ነው ያላት። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ እራቱን እሷ ስታቀርብ አይበላም፤ ከኔ እጅ ይቀበላል። እሷም ይህን አይታ ማቅረቧን ተወች። ዓመት ሳይሞላ ሞተች። ቃሬዛዋን ከተሸከሙት አንዱ አባቴ ነበር።

አባቴ መጋላ ሰፈር ያሉትን የዓረብ ሱቆች እየዞረ ስለ ሾፌሩ ጠየቀ። አንድ የየመን ሽማግሌ «ያኔ ከኤደን የሚመጣው ሾፌር አንድ ነው እንዴ?» አሉት። ሌላ ቦታ አልጠየቀም።

ከግንባር ቁስለኛ በመጣ ቁጥር እኔ ከሥራ ስወጣ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ፊታቸውን አያለሁ። የወንድሜን ፎቶ አሳያቸዋለሁ። አንዱ አውቀዋለሁ ይለኛል፤ የት እንደሚያውቀው ስጠይቀው የሌላ ሰው ታሪክ ይነግረኛል። ማታ ስገባ አባቴ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ያየኛል።

አንድ እሁድ ሆስፒታል ልሄድ ነጠላዬን ሳነሳ «አትሂጂ» አለኝ።

«ለምን?»

«ደክሞኛል» አለ።

የምሄደው እኔ፣ የደከመው እሱ። ነጠላዬን መልሼ ሰቀልኩት።