ከዝርዝሩ የማይወጣው ብርዴ

የባለመነጽሯ ሙያ አሮጌ የኮምፒውተር ስክሪፕት ወደ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ማዛወር ነው። ልማዷ አንድ ነው፦ ሁለቱንም በአንድ መረጃ ታስኬድና ውጤታቸውን መስመር በመስመር ታስተያያለች። የፀጉር ያህል ልዩነት ካለ ቤቷ አትገባም።

የሥጋ ማቀዝቀዣው መጋዘን ስክሪፕት ቀላል ነበር። ሠራተኛ በካርዱ ሲገባ ስሙ ሠንጠረዥ ላይ ይሰፍራል፤ ሲወጣ ይሰረዛል። ሠንጠረዡ በተራ ቁጥር ሳይሆን በስም የሚጠራ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቀሩት ስሞች ይታተማሉ። ማንም ከሌለ በሩ በራሱ ይቆለፋል፤ ስም ካለ ግን ዘበኛው ገብተው አይተው በእጃቸው ይቆልፉታል።

ልዩነቱ አንዲት መስመር ሆነ። አሮጌው «ብርዴ» ይላል፤ አዲሱ አይልም።

ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀባት። የአሮጌው ስክሪፕት ጸሐፊ መሃል ላይ «ብርዴ ውስጥ አለ ወይ?» የምትል ጥያቄ ትቷል። አሮጌው ቋንቋ ሠንጠረዡ ላይ ያልሰፈረ ስም ሲጠየቅ፣ በመጠየቁ ብቻ ለስሙ ባዶ ቦታ ይከፍትለታል። አዲሱ «የለም» ብሎ ያልፋል። የአሮጌው ስህተት ነው ብላ ተወችው።

«ልጄ፣ ብርዴን የት አደረስሽው?» አሏት ዘበኛው፣ አዲሱ ያተመውን ወረቀት አይተው።

«ማን ነው እሱ፣ አባባ?»

«በካናቴራ በረዶ ውስጥ የሚውል ጫኝ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ተቆልፎበት እዚያው ቀረ። ይኼን ስክሪፕት የጻፈው ታላቅ ወንድሙ ነው።»

«ታዲያ የሞተ ሰው በየቀኑ ይታተማል?»

«ይታተማል። እኔም ገብቼ ሳልጠራው ቆልፌ አላውቅም። ሞኝ በይኛ!»

«ኧረ እኔ አልልም! ብቻ ከዛሬ ጀምሮ እግርዎ ይረፍ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ማተሚያው «ማንም የለም» አለ። በሩ መዘጋት ሲጀምር ዘበኛው ጫማቸውን ሰነቀሩበት።

«ልማድ ነው» ብለው አንገታቸውን አስገቡ። «ብርዴ! አለህ?»

«አለሁ!» አለ ድምፅ ከውስጥ።

ባለመነጽሯ በሩን ይዛ ወደ ውስጥ አየች። ከመደርደሪያዎቹ መሃል የመጋዘኑ ሥጋ ቆጣሪ ሴት እየተንቀጠቀጠች ብቅ አለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። የሥራ ጓደኛዋ በካርዷ በሩን ስትከፍት ተከትላት ገብታ ኖሯል፤ የራሷን ካርድ ስላላስነካች ስሟ አልሰፈረም።

«አንቺ፣ ምነው አትጮሂም?» ተቆጧት ዘበኛው።

«ልጮህ ስል ያ ባለካናቴራው ሰውዬ "ቆይ፣ አሁን ይጠሩናል" አለኝ።»

ዘበኛው በባትሪ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ማንም የለም።

ባለመነጽሯ ወንበሯ ላይ ተመለሰች። አዲሱ ቋንቋ በመጠየቅ ብቻ ስም ስለማይፈጥር፣ «ብርዴ»ን በገዛ እጇ ሠንጠረዡ ላይ ጻፈችው። ከጎኑም ለሚቀጥለው ባለሙያ «ስህተት አይደለም፤ አይነካ» ብላ አሰፈረች። ሁለቱን አስኬደች። ልዩነት የለም።

«በይ አሁን ቤትሽ ግቢ» አሏት ዘበኛው።

«እርስዎስ?»

«ስሙ ታትሞ የለ? ልግባና ልጥራው።»