ያልተከፈተው ሰንጢ

ሌላው ሰው ትርፍ ሳንቲም ሲያገኝ ዕቁብ ይገባል፤ እኔ የዛገ ሰንጢ እሰበስባለሁ። ከቁራሌው ጆንያ እመርጥና ላምባ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እፈገፍገዋለሁ፣ በድንጋይ እስለዋለሁ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጉራዬን ያልሰማ ባጃጅ ነጂ የለም። የኖኅ መርከብ ሲሠራ የወደቀ ሰንጢ ቢያመጡልኝ ጢም የሚላጭ አደርገዋለሁ እላለሁ።

ይህን የሰሙ የጎረቤቴ ሚስት አንድ ጠዋት በሻርፓቸው ጫፍ የቋጠሩትን ሰንጢ ፈትተው ሰጡኝ። የባላቸው፣ የሽማግሌው ነው። ለአረፋ ጎረቤት በግ ግፈፉልኝ ሲላቸው «ሰንጢዬ ዝጎ አልከፈት አለ» እያሉ ስንት ዘመን ኖረዋል። እትዬ በዓሉ ሳይደርስ አስከፍተው ሊያስደንቋቸው ፈልገዋል። «ነገ ይውሰዱት» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

እትዬን ነገ ነገ እያልኩ ሦስት ቀን ሙሉ ላምባ ጠጣ እንጂ ንቅንቅ አላለም። በአራተኛው ቀን ዝገቱን ስፍቅ ከእጀታው ጎን አንዲት የሚስማር ራስ ብቅ አለች። ለካ ስለቱ እንዳይነሳ በላዩ አሻግረው ሰክተዋታል። ነቀልኳት፤ ሰንጢው ጧ ብሎ ተከፈተ። ውስጡ ዝገት የሚባል የለም፤ ዘይት ተቀብቶ ያበራል፣ ዝንብ ብታርፍበት ለሁለት ትከፈላለች።

ይሄኔ ሽማግሌው ሰንጢያቸውን ፍለጋ ከተፍ አሉ። ተከፍቶ ሲያዩት በርጩማ ላይ ዘፍ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ገደልከኝ» አሉኝ ቀስ ብለው።

እንደነገሩኝ፣ ወጣት ሳሉ በየአረፋው የሰፈሩን በግ ሁሉ እሳቸው ሲገፍፉ ይውሉና የራሳቸው ቤት ጥብስ ይበርድባቸው ነበር። ሥጋ በትኩሱ መብላት የጀመሩት ይህችን ሚስማር ከሰኩ ወዲህ ነው።

«ወላሂ፣ እንደነበረ መልስልኝ። ለሷም አልቻልኩም በላት።»

ሚስማሯን መመለስ ቀላል ነው። ጉራን ከመዋጥ ግን የሐይቁን ዓሣ ከነእሾሁ መዋጥ ይቀላል። ቢሆንም የሽማግሌ ጥብስ በእኔ ምክንያት አይበርድም ብዬ ሰካኋት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜም ሰንጢ እንዲዝግ የጨው ውሃ አርከፈከፍኩበት።

በማግስቱ እትዬ መጡ፤ ባላቸውም ምንም እንደማያውቅ ሰው ከኋላ ከኋላ ተከትለዋል።

«አልቻልኩም» አልኳቸው። ቃሉ ጉሮሮዬን ቧጥጦኝ ወጣ። እትዬ እንደታመመ ሰው በኀዘኔታ አዩኝ።

ሽማግሌው ሰንጢውን ተቀበሉና ሊከፍቱ ታገሉ። ጥርሳቸውን ነከሱ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ ላብ ሳይቀር አላባቸው። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የዛሬ ልጅ አፍ እንጂ እጅ የለውም።»

«ልክ ነዎት ጋሼ» አልኩ።