ማሽላ ላይ የተሰቀለው ሲዲ

ኮምፒውተሬ ዱዳ ሆኖ የተመለሰልኝ ሐሙስ ቀን ነው። መርሳ ከሚኒባስ ወርጄ ቤት ገባሁና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። ጠበቅኩ፤ ምንም። ጆሮዬን ባስጠጋ ማራገቢያው ብቻ ይነፍሳል። ለሌላው ሰው ይሄ ቀላል ነው፤ ዘፈን ይቀርበታል፣ በቃ። እኔ ግን ዓይነ ስውር መምህር ነኝ። ስክሪኑ ላይ ያለውን የሚያነብልኝ ድምፁ ነው። እሱ ዝም ካለ እኔና አንድ ቁራጭ ጣውላ ተፋጠጥን ማለት ነው።

ቫይረስ አስቸግሮኝ ወልድያ ላለ ጠጋኝ ሰጥቼ ዊንዶውሱን በአዲስ አስቀይሬው ነበር። ደወልኩለት።

«ውይ መምህር! የድምፁን ድራይቨር ሳልጭነው ቀረሁ መሰለኝ። አዲሱ ዊንዶውስ ራሱ ያገኘዋል ብዬ ነው» አለኝ።

ድራይቨር ማለት ኮምፒውተሩን ከየዕቃው ጋር የሚያስተዋውቅ፣ «ይሄ ድምፅ ማጉያህ ነው» ብሎ የሚነግረው ፕሮግራም ነው። «ድምፁን ሳትሞክር ለዓይነ ስውር ትሰጣለህ እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። መልሼ እንዳመጣው ለመነኝ። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። ኢንተርኔቱማ ከጠፋ ወራት አልፎታል፤ ከዚያ አወርዳለሁ ማለት ዘበት ነው።

ሰኞ ጠዋት ደግሞ የዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ፈተናዬን ማስረከብ አለብኝ። ለርዕሰ መምህሩ ነገርኩት። ደግ ሰው ነው። «አይዞህ፣ ሌላ መምህር ያወጣልሃል፤ አንተ ዕረፍ» አለኝ።

ዕረፍ! እንደዚህች ቃል የሚያንገበግበኝ የለም። ፈተናውን ለሰው በቃሌ ነግሬ እንዳላስጽፍ፣ መርሳ ውስጥ ተማሪ የሌለበት ቤት የለም፤ ሳይመሽ ከተማውን ያዳርሰዋል። በብሬል ብጽፈው የሚያነበው እኔው ብቻ ነኝ። ዛሬ ሌላ ሰው ካወጣልኝ በሚቀጥለውም ያወጣልኛል፤ ቀጥሎ ማረሙን፣ ቀጥሎ ማስተማሩን ይወስድልኛል። በክፋት ሳይሆን በደግነት ከሥራዬ እወጣለሁ። ሞቼ ነው ቆሜ አልኩ።

ያን ጊዜ ሲዲው ትዝ አለኝ። ላፕቶፑ ሲሰጠኝ ቦርሳው ውስጥ አብሮት የመጣ አንድ ሲዲ ነበር፤ ድራይቨሩ ሌላ የት ይሆናል? ሲዲውን ግን አምና ለጎረቤቴ ሰጥቻቸዋለሁ።

ጎረቤቴ የእናቴ እኩያ የሆኑ ሙስሊም ሴት ናቸው። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው፤ ቅሬያችንም፣ ዕድራችን ማለት ነው፣ አንድ ነው፤ ለቅሶ አብረን እንደርሳለን። ከከተማው በታች ወንዙ ዳር ማሽላ አላቸው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ወፍ መከራ ያሳያቸዋል፤ እዚህ አገር ሲዲ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው። በገመድ ይንጠለጠላል፣ ነፋስ ሲያሽከረክረው ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ወፍ ትደነግጣለች። አምና «ሲዲ የለህም ወይ?» ሲሉኝ፣ ብልጭ ማለቱ ለእኔ ምን ይበጀኛል ብዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ምን እንደሆነ እንኳ ሰው አላስነበብኩም።

ቅዳሜ ጠዋት በራቸውን አንኳኳሁ።

«እማማ፣ አምና የሰጠሁዎት ሲዲ አለ?»

«አለ እንጂ፣ ማሽላው ላይ ነዋ! ግን ከስድስቱ የቱ ያንተ እንደሆነ በምን ልወቀው? የመንዙማም አለበት፣ የልጄ ሰርግም አለበት።»

ሁሉንም ማውረድ ሊኖርባቸው ነው፤ እሸቱ ደግሞ በደረሰበት ሰሞን። አፍሬ ወደ ቤቴ ልመለስ ዞርኩ።

«ምን ትሽኮረመማለህ? ወፍም አንድ ቀን ብትበላ ሪዝቋ፣ ሲሳይዋ ነው» ብለው ወጡ።

ስድስቱንም በዘንቢል ይዘው መጡ። አንዱ ላይማ ኩስ ደርቆበታል፤ ያቺ ወፍ የፈራች አትመስልም። በሳሙና አጠብኳቸው፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቅኳቸው፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እማማ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ አማርኛ ማንበብ ተምረዋል፤ እንግሊዝኛ አያውቁም። እኔ ደግሞ ዓይኔ የጠፋው ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ስለሆነ የእንግሊዝኛው ፊደል ቅርጽ ከልቤ አልወጣም። እሳቸው ያያሉ፣ እኔ አነባለሁ።

የመጀመሪያውን ከተትኩ። «ሙሽራ አለች፣ ሰው ተሰልፏል» አሉ። ሁለተኛው ጭራሽ አልተከፈተም። ሦስተኛው መንዙማው ነው፤ «ያ ረቢ፣ የሼኹን ድምፅ ምነው በሰማነው!» አሉ። «እሱን ነው የምንፈልገው፣ እማማ» አልኳቸው። አራተኛውን ስከት «ይሄስ ፊደል ብቻ ነው» አሉ።

«አንድ በአንድ ይንገሩኝ።»

«እባብ አለ። ቀጥሎ ሆዷ የተዘጋ ማጭድ። ቀጥሎ የናንተ መስቀል። ቀጥሎ ሀ። ቀጥሎ ጭንቅላቷ ያበጠ ዱላ።»

ኤስ፣ ኢ፣ ቲ፣ ዩ፣ ፒ፤ ሴትአፕ! የመጫኛው ስም ነው። አስጀመርኩት፤ ግማሽ ላይ ቆመ። ዓመት ሙሉ አቧራ ሲጭረው ከርሟል። አውጥቼ አጠብኩት፤ እንደገና ቆመ። ሦስተኛ ሞከርን፣ አራተኛ።

«ይቅርብህ ልጄ፣ ራስህን አትጉዳ።»

«አይቀርም!» አልኩ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም አይደል? በእሳቸው ላይ መጮሄ ግን ቆጨኝና ጉልበታቸውን ዳብሼ ይቅርታ ጠየቅኩ። «ቢስሚላህ በል፣ ወይም የናንተን በል፣ ብቻ ቀስ ብለህ ክተተው» አሉኝ። የኔን ብዬ ቀስ ብዬ ከተትኩት። አምስተኛው ላይ አለፈ።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ። ከዚያ ያ የማውቀው የብረት ድምፅ «ዴስክቶፕ» አለ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! አፍ አወጣ!» ብለው እማማ እጄን ጨበጡኝ። እኔ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

እሑድ ማለዳ አምስቱ ሲዲዎች ወደ ማሽላው ተመለሱ። የኔን ግን አልሰጥም አልኩ፤ በእሱ ፈንታ ላፕቶፔን ይዤ ራሴ ሄድኩ። እማማ እጄን ይዘው የወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ አወጡኝ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ፈተናዬን መጻፍ ጀመርኩ። እኔ እጽፋለሁ፣ ብረቱ ያነባል፣ ወፎቹ ከእሸቱ ላይ ግር ብለው ይነሳሉ።

«የሚጮኸው ምንድን ነው?» አሉኝ ከታች።

«ፈተና ነው፣ እማማ። አደራ፣ ለሰው እንዳይነግሩብኝ!»

«ለማን እነግራለሁ? የሰሙት ወፎቹ ናቸው!»

ባትሪው ሊያልቅ ሲል የመጨረሻውን ጥያቄ ዘጋሁ።

ሰኞ ጠዋት በፍላሽ ይዤ ሄድኩ፤ ትምህርት ቤት ማተሚያው አጠገብ ቆሜ አሳተምኩት። ለርዕሰ መምህሩ ሰጠሁት። ወረቀቱን ሲያገላብጥ ይሰማኛል።

«ጥሩ ነው። ማን አወጣልህ?» አለኝ።

«እኔ።»

ሌላ ገጽ ገለጠ።

«እንግዲያው የአሥረኛ ክፍሉንም አንተ ታወጣዋለህ። እስከ ዓርብ አድርሰው፤ አንድ ቀን አልጨምርልህም» አለኝ።

አይዞህ አላለኝም። ዕረፍም አላለኝም።