ሽማግሌ የላክኩባት ቱርቦ ስቴሽን

ባለፈው እሁድ ጠዋት ለራሴ ሽማግሌዎች ሹፌር ሆኜ ጢቾ ሄድኩ... አዎ፣ ለራሴ። ሳቁ፣ ችግር የለም። እኔ ግን እስካሁን ንዴቴ አልበረደም።

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪናዋ ነው። እዚህ አሰላ አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮ የሰፈረባት አሮጌ ስቴሽን አየሁና ልቤ ቀጥ አለ። ረጅም ናት፣ ከኋላ በግና ሶፋ አብራ ትውጣለች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቱርቦ ናት! «ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው መኪና ዳገት ላይ ይለግማል» እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ ሰበክኩ። የሰማኝ የለም። ገዛኋት።

ከዚያ በኋላማ ኑሮዬ ጋራዥ ሆነ። ሜካኒኩ ከድር «ነገ ታልቃለች ወንድሜ» ይለኛል፤ ነገ ስሄድ ሞተሯ ወርዶ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቀኛል። የቱርቦው ዕቃ አሰላ የለም። አዲስ አበባ ተገኘ ሲባል ደግሞ ለሌላ ሞዴል ነው።

«ወንድሜ፣ ይህን ቱርቦ እንዝጋውና ተገላገል» አለኝ አንድ ቀን።

«ከድር፣ ቱርቦውን ከዘጋህማ ምን ገዛሁ? ቁም ሳጥን?»

«ቁም ሳጥን እንኳን ልብስ ይይዛል» ብሎኝ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

አቦ! ሰው በገዛ ደንበኛው እንዲህ ይቀልዳል? ግን አልተውኩም። ላሜራዋ ተቀጠቀጠ፣ ቀለም ተቀባች፣ ፍሪሲዮኗ ተቀየረ፣ በመጨረሻ ቱርቦውም ሠራ። ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ የምታሰማው ፉጨት... ወይኔ! እንባዬ ነው የመጣው።

ለምህረት ሽማግሌ ለመላክ የወሰንኩት ያኔ ነው። ምህረት እዚህ ከተማ ቢሮ የምትሠራ፣ ከልቤ የምወዳት ልጅ ናት። ቤተሰቧ ጢቾ ነው፤ አባቷ አይተውኝ አያውቁም። ወጉን ታውቁታላችሁ፣ ሽማግሌ የላከ ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልክ ይጠብቃል እንጂ አብሮ አይሄድም። እኔ ግን ያቺን መሪ ለሌላ ሰው መስጠት አልሆንልህ አለኝ። «ውጪ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ፣ ማንም አያየኝም» ብዬ የሽማግሌዎቹን አለቃ ጋሽ ወልዴን አሳመንኳቸው።

ሳጉሬን እንዳለፍን መኪናዋ ጭስ መትፋት ጀመረች።

«ልጄ፣ እየተቃጠልን ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው።

«አይደለም ጋሼ! ሁሌም እንደዚህ ናት፣ ትንሽ ይታገሷት!» ብዬ ጮህኩባቸው። ለእኔ ሊለምኑልኝ በሚሄዱ ሽማግሌ ላይ! ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ከኋላ የተቀመጡት ሐጂ አማን፣ ዱዓቸውን ከፍ አደረጉ።

ደረስን። እነሱ ገቡ፣ እኔ ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ብዙም ሳይቆይ የምህረት አባት ወጡ።

«ኮቱ! ሹፌር፣ ና ግባ እንጂ!»

«ግድ የለም አባባ፣ እዚሁ ይሻለኛል።»

«ሽማግሌዎቹ ጉዳያችን ሳያልቅ እህል አንቀምስም ብለውኛል። አንተ ምን ጉዳይ አለህ? በሞቴ፣ ና ሻይ ጠጣ!»

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? ገባሁ። ጋሽ ወልዴ ሲያዩኝ ሳል ያዛቸው። ሻይ ይዛ የመጣችው፣ ቅዳሜውኑ ወደ ቤተሰቧ የሄደችው ራሷ ምህረት ናት... ስታየኝ ትሪው አዘነበለባትና ግማሹ ሻይ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። እግሬ ነደደ። ግን ዋጥ አደረግኩት።

ጋሽ ወልዴ ላባቸውን እየጠረጉ ንግግራቸውን ቀጠሉ። «ልጃችን ጨዋ ነው፣ ረጋ ያለ ነው፣ ቁጣ የሚባል ነገር አያውቅም።» አባትየው ሰሙ ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሹፌር፣ ይቺ መኪና የማናት?»

«የ... የልጁ ናት። ሽማግሌ የላከው።»

«በፉጨቷ ነው የለየኋት። የአንድ ወዳጄ ነበረች እኮ! ሰውየውን በሬውን አስሸጠችው፣ ቤቱን አስሸጠችው፣ በመጨረሻም ከሚስቱ አፋታችው። ዓይኑ እያየ ይቺን የሚገዛ ሰው ጤነኛ ነው? ልጄን ለእንደዚህ ያለ ሰው ነው የምትጠይቁኝ?»

ጋሽ ወልዴ በዓይናቸው «ዝም በል» ይሉኛል። ምህረት በር ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። ዝም ብል እኮ ያልፍ ነበር! ሹፌር ነኝ፣ ምን አገባኝ? ግን «ጤነኛ ነው?» የምትለዋ ደሜን አፈላችው።

«አያያዝ ስላላወቁባት ነው! ቱርቦ ሞተር ከሩጫ እንደቆመ ወዲያው አይጠፋም፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል! እኔ ዘይቷን በጊዜው እየቀየርኩ፣ ቱርቦዋን አሠርቼ እንደ አዲስ አድርጌያታለሁ!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«እኔ?» አሉ አባቷ።

ሐጂ አማን ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። አባትየው ከእግር እስከ ራስ አዩኝ፣ የረጠበ ሱሪዬን ጨምሮ። ከዚያ ወደ ጋሽ ወልዴ ዞረው «ረጋ ያለው ልጅ ይሄ ነው?» አሉ።

በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጥም፣ ወግ ነው። «ከቤተሰብ ጋር ልምከር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሉ። እፎይ ልል ስል ጣታቸውን ወደ ውጪ ቀሰሩ።

«በሚኒባስ ግን!»

ማታውን ምህረት ደወለች። አባቷ ስቀው ሊሞቱ ነው አለችኝ፣ እኔንም አልጠሉኝም። ግን መኪናዋ ሳትሸጥ መልስ የለም ብለዋል። ምርጫው ግልጽ ነው፣ ከምህረት የሚበልጥብኝ ነገር የለም። ግን ያናድዳል! ያን ሁሉ ፍዳ አይቼ፣ ገና አሁን መሄድ ስትጀምር...

እንግዲህ የሚሸጥ ቱርቦ ስቴሽን አለኝ። የሚሸጥበት ምክንያት፦ ጋብቻ። ሚስት ያላችሁ ባትደውሉ ይመረጣል።