ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ ተማሪ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የጋምቤላ ሙቀት ሰውን ጥላ ለጥላ በሚያስኬድበት ሰዓት፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪዎችን እጠብቅ ነበር። ሥራዬ ሬዲዮ ነው። ወደዚያ ግቢ ያስገባኝ የሥነ ዜጋ መምህሩ፣ የረጅም ጊዜ ጎረቤቴ ነው።

«አስራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰዋል» አለኝ። «ለምን ትማራላችሁ ስትላቸው ለፈተናው ይሉሃል። ከፈተናው በኋላስ ስትል ዝም። ስለ ሕይወት ትርጉም አንድ ዝግጅት እንዲሠሩ አግዛቸው።»

«ስለ ሕይወት ትርጉም እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አታውቅም። መጠየቅ ግን ታውቃለህ።»

ርዕሱ አልተመቸኝም። ላጣራው የማልችለው ነገር ያቁነጠንጠኛል። ሰው ፊት መቅረጫ ደቅነህ የሕይወትን ትርጉም ብትጠይቀው ወይ ስብከት ይሰጥሃል ወይ መፈክር፤ ሁለቱም አይጣሩም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጥያቄውን ለወጥኩት። «ከተማ ውስጥ ሄዳችሁ የምትጠይቁት ይህንን ብቻ ነው» አልኳቸው። «ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ያስነሳህ ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ ሁሉም ቢንቢ ነው የሚሉት» አለ የክበቡ ቀልደኛ፣ አንድ ረጅም የኑዌር ልጅ። ሳቁ።

«ቢንቢ ካሉህ ቢንቢ ብለህ ጻፍ። ከዚያ ‹ሌላስ?› በል።»

የሥራችንን ደንቦችም ነገርኳቸው። ዘመድ አይጠየቅም። ዘጋቢ ራሱን ምንጭ አያደርግም። ስሙ እንዳይገለጽ የፈለገ ሰው ስሙ አይነገርም፤ አዘጋጁ ግን ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ሰው የሚነካ ነገር ከሆነ ደግሞ ሌላኛው ወገን ሳይጠየቅ አይተላለፍም።

በሳምንቱ የመጡት በስልካቸው የቀዱትን ይዘው ነው። ቀልደኛው ልጅ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የሚያስተረጉም ዘመዱን ጠይቆ መጣ። «ዘመድ አይጠየቅም አላልኩም?» ስለው «ጋሼ፣ እኛ ጋ ዘመድ ያልሆነ ሰው ከየት ይመጣል?» አለኝ። አስተርጓሚው የተናገረው ግን ጥሩ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በሌላ ሰው ፋንታ ‹እኔ› ሲል እንደሚውልና ማታ ቤቱ ሲገባ መናገር እንደማያሰኘው ይናገራል። ልጆቹ ደግመው አስከፍተው አዳመጡት።

ከዚያ አንዲት ተማሪ የጻፈችውን አነበበች። ወላጆቿ በአቦቦ በኩል ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ ለትምህርት ብላ ከተማ ውስጥ ከታላቅ እህቷ ጋር በኪራይ ቤት ትኖራለች። ብዙ አትናገርም። ጽሑፏ ግን የተስተካከለ ነበር፤ ስለ ባጃጅ ነጂው፣ ስለ ዓሣ ሻጯ፣ እያንዳንዱ ሰው የት ሆኖ ምን እንዳለ አስፍራለች። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፤ «ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ አንዲት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እንደገለጹት፣ ጠዋት የሚያስነሳቸው ደወል ብቻ ነው። በመሆኑም በመጪው እሑድ ትምህርታቸውን አቋርጠው፣ ለቤተሰባቸው ሳይነግሩ፣ ወደ ዲማ ለመሄድ ወስነዋል።»

ልጆቹ ‹እንደገለጹት›ና ‹ወስነዋል› የሚለው አከባበር አስቋቸው። «ሚኒስትር ናት እንዴ?» አለ ቀልደኛው። እኔ አልሳቅኩም። በልማዴ ወዲያው ወደ ማጣራት ገባሁ።

«ምንጭሽ የት ነው የምትማረው?»

«እዚሁ።»

«መቼ አነጋገርሻት?»

«ማታ።»

«የት?»

ወደ ጓደኞቿ ዞር ብላ አየች። ሌሎቹን ሄደው የድምፅ ማጉያውን እንዲያወጡ ላክኋቸው። ሲርቁ «አዘጋጁ ምንጩን ካላወቀ አይተላለፍም» አልኳት።

«ያውቋታል ጋሼ» አለች፣ ወረቀቷን እያጠፈች። «ራሳችንን ምንጭ እንዳናደርግ ከልክለዋል። ስለዚህ ነው እንደሱ የጻፍኩት።»

ዲማ ወርቅ የሚቆፈርበት አገር ነው። አክስቷ እዚያ ለወርቅ ቆፋሪዎች ምግብ ቤት ከፍታለች፤ ሰው አልበቃ ስላላት ነይ ብላታለች። የምትሄድበት መኪናም ተነግሯታል። «ከመንደራችን ተምረው የጨረሱትን አይቻቸዋለሁ» አለችኝ። «በር ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። አባቴ ዝም ብለሽ ተማሪ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም። ለእኔ ደግሞ አልታየኝም።»

እዚያ ላይ ምን ማለት እንደነበረብኝ አሁንም አላውቅም። መምህር ቢሆን ይመክራት ነበር። ቄስም ሼህም የሚለው አያጣም። እኔ ሥራዬ የሰውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ማድረስ ነው፤ ሂጂ ወይም ቅሪ ለማለት ምንም ማስረጃ አልነበረኝም። ተነሳሁ፤ ተቀመጥኩ፤ ያለኝ ደንቡ ብቻ ነበር።

«ዘገባሽ አንድ ወገን ይጎድለዋል» አልኳት። «ለቤተሰባቸው ሳይነግሩ ይላል። ቤተሰቡ ምን አለ?»

«ዘመድ አይጠየቅም ብለዋል።»

«አሁን ይጠየቃል።»

ስልኳን ብዙ ጊዜ አገላበጠችው። ልተዋት ብዬ ስነሳ «አይሂዱ» አለችኝና ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አባቷ ሲያነሳ ከጀርባው ጩኸት ይሰማል።

«አባዬ፣ ምን ላይ ነህ?»

«ማሽላው ላይ ነኛ። ወፉ አላስቀምጥ ብሎን። ምነው፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ለትምህርት ቤት ነው፣ ጥያቄ ልጠይቅህ። ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ያስነሳህ ምንድን ነው?»

«ይኼ ነው የሚያስተምሯችሁ? ሱብሒ ነዋ ያስነሳኝ። ሰገድኩ፣ ከዚያ ወንጭፌን ይዤ ወጣሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን?» አለ። «ደግሞ አንቺን ሳስብ አድሬ ነበር። አክስትሽ ነግራኛለች።»

ልጅቷ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እኔ በደመ ነፍስ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ነበር፤ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

«ከነገረችህ ለምን አልደወልክም?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ነው።» ወፉ ላይ ይሁን ሰው ላይ አላወቅንም፣ አንዴ ጮኸና ተመለሰ። «እኔን እዚህ አገር ሲያመጡኝ ልጅ ነበርኩ። በሰፈራ ጊዜ። ውጡ ተባልን፣ ወጣን፤ ውረዱ ተባልን፣ ወረድን። የት ነን ስል እንኳ የመለሰልኝ የለም። ጫካውን መንጥረን፣ ወባውን ችለን ኖርን፤ አልሐምዱሊላህ። ግን የት መሄድ ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ተማሪ የምልሽ የሚጠይቅሽ እንድታገኚ ነው።»

«ታዲያ ልቅር?»

«እኔ ቅሪም ሂጂም አልልሽም። እጠይቅሻለሁ። ዲማ ሄደሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

«አላውቅም።»

«እዚያው ትምህርት ቤት ሆነሽስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«እንግዲያው ስታውቂ ንገሪኝ። በሌላ ሰው አይደለም፣ ራስሽ ንገሪኝ። በይ ወፉ ጨረሰኝ» ብሎ ዘጋው።

የድምፅ ማጉያውን የያዙት ልጆች እየተሳሳቁ ተመለሱ። ልጅቷ የዚያን ቀን በማጉያው ምንም አላነበበችም። ጽሑፏን ለእኔም አልሰጠችኝም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት አልገፋ አሉኝ። ዓርብ አንድ ዜና ሁለት ጊዜ አንብቤ ስህተቱ አልታየኝም፤ ያየው ባልደረባዬ ነው። ቅዳሜ መምህሩ ቤቴ መጥቶ «ታዲያ ልጆቹ ትርጉሙን አገኙት?» ሲል ቀለደ። የእሷን ጉዳይ አልነገርኩትም፤ ምንጭ መሆኗን በአደራ የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። «እያጣሩ ነው» አልኩት።

እሑድ ማለዳ ሳይነጋ መናኸሪያ ሄድኩ። ለራሴ ስለ ትራንስፖርት ልዘግብ ነው አልኩት፤ መቅረጫ ግን አልያዝኩም። መኪኖቹ ተደርድረዋል፣ ረዳቶቹ ይጣራሉ፣ ጣሪያ ላይ ጀሪካንና ፍራሽ ይጫናል። ፀሐይ ብቅ ስትል መጣች። ሻንጣ ይዛለች።

አየችኝ። አልተደበቅኩም።

«ለዘገባ ነው ጋሼ?»

«አዎ።»

«ስለ ምን?»

«ገና አልለየሁትም።»

ፈገግ አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ፈገግታዋ ነው። ሻንጣዋን ለረዳቱ አቀበለችው። ዓይኔ የመኪናውን ታፔላ ፈለገ። የአቦቦ መኪና ነበር።

«አባቴ ጋ ነው» አለች። «ስልክ ላይ የሚባል አይደለም። ፈተናውን እወስዳለሁ። ከዚያ በኋላ ዲማም ልሄድ እችላለሁ፣ አላውቅም። ብሄድ ግን ነግሬው ነው። ለአክስቴም ትናንት ደውዬ አልመጣም አልኳት።»

«ምን አለችሽ?»

«ሰደበችኝ። በጣም ነው የሰደበችኝ።»

«ሻንጣውስ?»

«የአባቴ ልብስ ነው፣ ያሳጠብኩለት። ማክሰኞ እመለሳለሁ።» ረዳቱ «ግቢ፣ ግቢ እህቴ» አላት። ገባች። መስኮት አጠገብ ስላልደረሳት ሲወጡ አላየኋትም።

ማስታወሻ ብይዝ ኖሮ የምጽፈው ይህንን ብቻ ነበር፤ አንዲት ተማሪ አባቷ ጋ ሄደች። የሕይወት ትርጉም የሚባለው ነገር እዚያ ውስጥ ይኑር አይኑር አላጣራሁም። የዲማው መኪና ገና ቆሞ ነበር። ረዳቱ «አንድ ሰው ነው የቀረው፣ አንድ ሰው» እያለ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ጋሼ፣ ይሄዳሉ?»

የምሄድበት ጉዳይ አልነበረኝም። ሆኖም ያ አባት ማንም አልጠየቀኝም ያለው ጥያቄ ስለሆነብኝ፣ እምቢ ለማለት ከሚያስፈልገው በላይ ቆየሁ፤ እሱም ትቶኝ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ።